የልጆቻችሁ ዓይንና ትምህርታቸው



በቂርያት ማላኺ፣ በገዴራ ወይም በያቭኔ ሰፍራችሁ ልጃችሁን አንደኛ ክፍል (ኪታ አሌፍ) ለማስገባት የምትዘጋጁ ከሆነ፣ ከደብተሩና ከቦርሳው በፊት ልጁ አጥርቶ ማየቱን አረጋግጡ።

በአገር ቤት የዓይን ሕመም ስንል የምናውቀው የሚቀላውንና የሚያዣውን ዓይን፣ በተለይም ብዙ ሰው ያሳወረውን ትራኮማ ነው። እዚህ የምንገልጽላችሁ ችግር ግን አያምም፤ ብዙ ጊዜም ከውጭ አይታይም።

ሕፃን ሲወለድ አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ብቻ ነው፤ ይኸውም ሲጠባ የእናቱ ፊት ያለበት ርቀት ነው። በ3 ወር ገደማ የሚንቀሳቀስ ነገር በዓይኑ ይከተላል። ማየትን የሚማረው ግን አንጎልም ነው፤ ይህም በተለይ እስከ 7 ዓመት ገደማ ይካሄዳል። አንዱ ዓይን ከደከመ ወይም ከተንሸዋረረ አንጎል እርሱን ይተወውና በደኅናው ብቻ ይሠራል። ይህ በዕብራይስጥ «ዓይን ዓጼላ»፣ ሰነፍ ዓይን፣ ይባላል። ሕክምናው መነጽር፣ አንዳንዴም ደኅናውን ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት መሸፈን ነው። ጎረቤት «ደኅናውን ለምን ትሸፍናላችሁ?» ቢላችሁ ደካማው እንዲሠራ መሆኑን ንገሩት። ከዘገየ ማዳኑ ይከብዳል።

ልጁ ራሱ አይነግራችሁም። ከልደቱ ጀምሮ የሚያየው እንዲሁ ስለሆነ ሰው ሁሉ እንደ እርሱ የሚያይ ይመስለዋል። ቴሌቪዥን ላይ የሚጠጋ፣ አንገቱን የሚያዘነብል፣ አንድ ዓይኑን እየጨፈነ የሚያይ ልጅ ካላችሁ ሳትዘገዩ አስመርምሩት።

የእኛ ፊደል ድምፁን በቅርጹ ይዟል። በዕብራይስጥ ግን ጀማሪ የሚያነበው በአብዛኛው ከፊደሉ ሥር ባሉ ትንንሽ ምልክቶች (ኒኩድ) ነው፤ ዳሌትና ሬሽም የሚለዩት በአንዲት ማዕዘን ነው። ይህን የማያይ ልጅ ሲሳሳት መምህሩም እናንተም «ቋንቋው ገና ነው» ትላላችሁ፤ ዓመቱም ያልፋል። እንዲህ ማለት የሚገባው ዓይኑ ከታየ በኋላ ነው። እርግጥ መነጽር ብቻውን ማንበብን አያስተምርም።

ስለ ትንንሾቹ በቲፓት ሀላቭ ያለችውን ነርስ ጠይቁ። ፊደል የማያውቅ ልጅም በሥዕል ይመረመራል። በአንደኛ ክፍል የትምህርት ቤቱ ጤና አገልግሎት ዓይን ይመረምራል፤ ውጤቱ በዕብራይስጥ ተጽፎ ስለሚመጣ ቦርሳ ውስጥ እንዳይቀር አስነብቡት። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጤና መድን ሕግ መሠረት ልጃችሁም የኩፓት ሆሊም አባል ነው፤ እዚያ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ (ቶር) ውሰዱ። አስተርጓሚ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ታላቅ ወንድሙን ከክፍል አታስቀሩ። ሐኪሙ ጠብታ ካደረገበት ለጥቂት ሰዓታት ብርሃን ያስቸግረዋል፤ ኮፍያ ይዛችሁ ሂዱ።