ዳሎል፦ ከማዕድኑ በፊት መንገዱ

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ፣ የአገር ውስጥ ማዳበሪያ ወሬ ሁሉ ወደ ሶማሌ ክልል ዞሯል። ተስፋው ተገቢ ነው። ይሁንና ዩሪያ ለሰብል የሚሰጠው ናይትሮጅን ብቻ ነው። በጓሮ እንደሚበቅለው እንሰት ያሉ ተክሎች አብዝተው የሚሹት ፖታሲየም ያለው በአፋር፣ በዳሎል ጨው ሥር ነው። ይህ የፖታሽ (የፖታሲየም ጨው) ክምችት ከታወቀ መቶ ዓመት አልፎታል፤ እስከ ዛሬ ግን ለገበሬው አልደረሰም። ምክንያቱን መፈለግ ያለብን ከማዕድኑ ይልቅ በመንገዱና በወደቡ ይመስለኛል።

ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ የጨው ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 የተመዘገበው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነበር፤ ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ነዋሪው ጥቂት፣ መተዳደሪያው ከብትና ጨው ነው። ለዘመናት እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌ የሚጠረበው እዚህ ነው፤ የግመል ቅፍለትም በበርሃሌ አድርጎ ወደ ትግራይ ደጋ ያወጣው ነበር። ፖታሹም የወጣው መንገድ ባገኘበት ጊዜ ነው። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1918 ከኤርትራው መርሳ ፋጥማ ወደብ እስከ ሜዳው አቅራቢያ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው ምርቱን በቀይ ባሕር ጫኑ። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻ ስትወጣና ከ1998 ጀምሮ የሁለቱ አገሮች ጦርነት ድንበሩን ሲዘጋ፣ ቅርቡ ባሕር ሩቅ ሆነ።

ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው አይሲኤል ከዳሎል መውጣቱ ነው። የእስራኤሉ ኩባንያ በዳሎል ይሠራ የነበረውን የካናዳውን አላና ፖታሽ እ.ኤ.አ. በ2015 ገዝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የመሠረተ ልማት አለመሟላትንና የግብር ጥያቄን ምክንያት አድርጎ ሥራውን አቋረጠ። ለፖታሽ ጭነት ታስቦ የተሠራው የጅቡቲው ታጁራ ወደብ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2017፣ ጫኙ ከሄደ በኋላ ነው። የግብር ክርክሩና የወደቀው የዓለም ፖታሽ ዋጋም ድርሻ ነበራቸው የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካው ፓርሰንስ ኩባንያ የከፈተውን ጉድጓድም ያስቆመው የውሃ መጥለቅለቅ እንጂ ወደብ አልነበረም። ነገር ግን ዋጋ ወድቆ ይነሳል፣ ግብር በድርድር ይፈታል፣ ለውሃም የማውጫ ዘዴ ይቀየርለታል። በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የጭነት መንገድን ግን አንድ ኩባንያ ብቻውን አይሸከመውም፤ ይህ የመንግሥት ሸክም ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት መንገዱ፣ የወደብ ውሉና የአፋር ነዋሪ ከማዕድኑ ገቢና ከአካባቢው ውሃ የሚኖረው ድርሻ በጽሑፍ ሊታሰሩ ይገባል።