በባዕድ ምድር ሐዋርያ መሆን፤ ከቂሊንጦ እስከ ባሕር ማዶ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የምትገኘውን ቂሊንጦን ብዙዎቻችን የምናውቃት በማረሚያ ቤቷ ነው። ዛሬ ግን የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎች የሚገኙበት የኢንዱስትሪ ፓርክና ሰፋፊ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከየአቅጣጫው ብዙ ሕዝብ ሰብስበውባታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው በዚያ የሚማሩትን ወጣቶች ነው። ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከወሎ ወይም ከሲዳማ የመጣው ወጣት ወላጆቹን፣ አጥቢያውንና የንስሐ አባቱን ትቶ፣ ቋንቋቸውና እምነታቸው ከእርሱ ከሚለይ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ያድራል። ትምህርቱን ሲጨርስ ደግሞ ለከፍተኛ ትምህርት ወይም ለሥራ ከሀገር ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያሉት ወጣቶች ቤተ ክርስቲያን ካህን ካልላከችበት ከተማ ቀድመው የሚደርሱበት ጊዜ አለ። ታዲያ ማንም ሳይሾማቸው የቤተ ክርስቲያን ምስክሮች ሆነው የሚገኙት እነዚህ ወጣቶች በዚያ እንዴት ይኖራሉ? በመንፈሳዊ ሕይወታቸውስ እንዴት ያድጋሉ?

በውጭ ሀገር ስለሚሰጥ የስብከተ ወንጌል አገልግሎት ሲነሣ አሳባችን ቶሎ ወደ ጉባኤና ወደ መድረክ ይሄዳል። የሀገራችን ታሪክ ግን የሚያሳየን ሌላ አጀማመር ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስና ኤድስዮስ የተባሉ ሁለት ልጆች ከጢሮስ ተነሥተው ከመምህራቸው ከሜሮጵዮስ ጋር በቀይ ባሕር ሲጓዙ መርከባቸው አደጋ ደረሰባት፤ መምህራቸውና ተሳፋሪዎቹ ተገደሉ። ታሪኩን ከራሱ ከኤድስዮስ አንደበት ሰምቶ የጻፈው ሩፊኖስ እንደሚነግረን፣ ልጆቹ የተገኙት ከዛፍ ሥር ሆነው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ነበር። ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወስደው ኤድስዮስ የንጉሡ አሳላፊ ሲሆን፣ ፍሬምናጦስ የሒሳቡና የመዛግብቱ ኀላፊ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ፍሬምናጦስ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ሰባኪ ሆኖ አይደለም፤ በፈቃዱም አልመጣም። ለዓመታት የሠራው ሥራ ዛሬ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ከሚሠራው ብዙም የራቀ አልነበረም። ንጉሡ ሲያርፍ ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በማስተዳደር እንዲያግዟት የለመነቻቸው በስብከታቸው ተማርካ ሳይሆን ታማኝነታቸውን አይታ ነው። ከዚህ በኋላ ፍሬምናጦስ በከተማው የነበሩትን ክርስቲያን ነጋዴዎች ፈልጎ አገኛቸው፤ ተሰብስበው የሚጸልዩበትንም ስፍራ እንዲያዘጋጁ ረዳቸው። ይህን ካልነው የቅድስናው ምንጭ የሙያ ታማኝነቱ ብቻ ነበር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በሥራው የማይታመን ሰው ስለ እምነቱ ቢናገር ማን ይሰማዋል?

ሁለተኛው ሊስተዋል የሚገባው ነገር ነጻ ከወጣ በኋላ ያደረገው ነው። ኤድስዮስ ወደ ጢሮስ ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለቅዱስ አትናቴዎስ ሁኔታውን አስረዳ፤ ለኢትዮጵያም ጳጳስ እንዲሾም ለመነ። ያን ያህል ዓመት ደክሞ በሰበሰበው ሕዝብ ላይ ራሱን አልሾመም። ቅዱስ አትናቴዎስ ግን ከእርሱ የተሻለ እንደማይገኝ ተረድቶ ራሱን ሾሞ ላከው። እኛም ዛሬ አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን ሐምሌ 26 ቀን በዓላቸውን እናከብራለን። በባዕድ ሀገር ለአባቶች ሳይታዘዙ የራስን ማኅበር አቋቁሞ የመምራት ፈተና ዛሬም አለና ይህ የታሪኩ ክፍል ሊዘነጋ አይገባም።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ዘጠኙ ቅዱሳንም ወዲያው ወደ ስብከት አልተሠማሩም። በአክሱም ቤተ ቀጢን 12 ዓመት ተቀምጠው የሀገሩን ቋንቋና ባህል እንደ ተማሩ አበው ያስረዳሉ። 12 ዓመት! ዛሬ አንድ ዓመት እንኳ መታገሥ ይከብደናል። ይህን ለመረዳት ከሀገር መውጣት አያስፈልግም። በቂሊንጦ ዙሪያ ያሉት አርሶ አደሮች አፍ መፍቻቸው አፋን ኦሮሞ ነው። አማርኛ ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ አራት አምስት ዓመት በመካከላቸው ተቀምጦ ሰላምታ እንኳ ሳይለምድ ቢመረቅ፣ ነገ በጀርመን ወይም በቻይና የሰውን ቋንቋ በትሕትና ይማራል ብሎ ተስፋ ማድረግ ያስቸግራል። አፋን ኦሮሞ የሚናገረው የክፍሉ ጓደኛ በቅርብ የሚያገኘው መምህሩ ነው።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ በኋላ ብፁዕ አቡነ ይስሐቅ፣ በወጣትነታቸው ወደ አሜሪካ ተሻግረው ካገለገሉ በኋላ በ1962 ዓ.ም ወደ ጃማይካ ሄዱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1958 ዓ.ም ደሴቲቱን ከጎበኙ ወዲህ ብዙ ራስ ተፈሪያውያን የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ይሹ ነበር፤ አንዳንዶቹ ግን በንጉሡ ስም እንዲጠመቁ ፈለጉ። ብዙ ሕዝብ ለማግኘት ዝም ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። እርሳቸው ግን በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም እንጂ በሌላ እንደማያጠምቁ ነገሯቸው። በዚህ የተቆጡም ነበሩ፤ እርሳቸው ግን ትተዋቸው አልሄዱም፤ እያስተማሩ ቆዩ። ለረጅም ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለስ የነበረው ዘፋኙ ቦብ ማርሊ በ1973 ዓ.ም ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት በእርሳቸው እጅ ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ ተባለ። ሥርዓተ ቀብሩም በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ተፈጸመ።

በባሕር ማዶ ያለው ወጣት የዕለት ኑሮ ግን እንዲህ ባለ ታሪክ የተሞላ አይደለም። የሚበዛው ድካምና ብቸኝነት ነው። የልደት በዓል በሥራ ቀን ይውላል፤ ጾመ ነቢያት በብርዱ ወራት ይገባል፤ ዓርብ ማታ የሥራ ባልደረቦች ለእራት ይጠሩታል። አዲስ ክፍል ሲከራይ አስቀድሞ ምሥራቁ በየት በኩል እንደሆነ ለይቶ የጸሎት ስፍራውን ማዘጋጀት ትንሽ ነገር ይመስላል። ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ መጸለዩን የሚያስታውስ ግን ትንሽ ነው አይለውም (ዳን. 6)። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ማድረስ የማይችል ነግህንና ሠርክን አጽንቶ ይያዝ። ብዙ ጀምሮ በወሩ ከመተው ይህ ይሻላል። ስለምን ትጾማለህ ብሎ የሚጠይቀው ሲመጣም ቅዱስ ጴጥሮስ እንዳዘዘው በየዋህነት ይመልስ (1ኛ ጴጥ. 3፥15)፤ ሳይጠየቅ ከሚናገረው ይልቅ ተጠይቆ የሚመልሰው በሰሚው ልብ ይቀራል።

ለዚህ ሁሉ መለማመጃው ግቢ ጉባኤ ነው። በ1983 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ በተወሰዱ ጊዜ በመካከላቸው የነበሩ ኦርቶዶክሳውያን ወጣቶች ከቤታቸው ርቀው በጋራ ይጸልዩ ነበር፤ ይህም በ1984 ዓ.ም ለተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን አንዱ መነሻ ሆኗል። ዛሬም በቂሊንጦ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለኮርስ የሚሰበሰብ ተማሪ የሚማረው ነገረ ሃይማኖትን ብቻ አይደለም። ከማይመስለው ጋር መኖርን፣ የታመመ ጓደኛን ማስታመምን፣ ለፈተና ሲያጠና ጸሎቱን አለመተውን ይማራል። በአገልግሎት ብዛት የግል ጸሎቱን የተወ ወጣት ካለም ይህ ልማድ ባሕር ማዶ ሲሄድ እንደሚከተለው አውቆ ከወዲሁ ያስተካክለው።

ወደ ውጭ ለመሄድ የተዘጋጀ ሁሉ አስቀድሞ ንስሐ ገብቶ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ተቀብሎ ይነሣ፤ ከንስሐ አባቱም ጋር በምን መንገድ እንደሚገናኝ ይነጋገር። በሚሄድበት ከተማ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሌለች የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመን ወይም የሕንድ ማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትኖር እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። የእነዚህ አኀት አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በ1957 ዓ.ም በዚህችው በአዲስ አበባ በአንድ ጉባኤ ተሰብስበው ነበር፤ በእምነት ከእኛ ጋር አንድ ናቸው። እዚያ ሲደርስ የቅዳሴው ቋንቋ አዲስ ቢሆንበትም በንስሐ አባቱ ምክር ሊያስቀድስና ሊቈርብ ይችላል። ሌላ ኢትዮጵያዊ በከተማው ካለ ደግሞ ፍሬምናጦስ ነጋዴዎቹን እንደ ፈለገ ፈልጎ ያግኘው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።