የሚያንጠባጥበው ቫልቭ አልተበላሸም

ከዲላ ተነስቶ ወደ ቡሌ የሚወጣ መንገደኛ ብርዱን የሚያገኘው ገና ከመኪናው ሳይወርድ ነው። ዲላ 1570 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ወይና ደጋ ናት። ሽቅብ በተወጣ ቁጥር ቡናው እየሳሳ ይሄድና እንሰቱ፣ ቀርከሃውና ገብሱ አገሩን ይረከቡታል። እዚያ ቤት የሚሞቀው በምድጃ ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን የሚያወሩልን፣ ሙቅ ውኃ በየክፍሉ ግድግዳ ሥር በተተከሉ ብረቶች ውስጥ እየዞረ ቤቱን ሁሉ የሚያሞቅበት ዘዴ ለደጋችን እንግዳ ነው። የእኛ ብርድ የሌሊትና የማለዳ ስለሆነ ያን ሁሉ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። በከተማ ቤቶች ግድግዳ ላይ ቦታ ያገኘው የማሞቂያ መሣሪያ ሌላ ነው፤ ቦይለር።

ሙቅ ውኃ መውደድ መቼም ለእኛ አዲስ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ፍልውኃ አጠገብ ቤት በማሠራታቸው አይደል አዲስ አበባ የተቆረቆረችው! ቦይለር ያንን ፍልውኃ መታጠቢያ ቤት ድረስ ያመጣዋል፤ ግን ጠባዩን ካላወቁለት ያስቸግራል።

ሽፋኑ ቢከፈት ውስጡ ቀላል ነው። ዙሪያውን ሙቀት በሚይዝ ፎም የተሸፈነ የብረት ታንክ አለ። በታንኩ ውስጥ ውኃውን የሚያሞቅ ሬዚስታንስ፣ ውኃው የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ቴርሞስታት፣ እንዲሁም ታንኩ እንዳይዝግ ራሱ ቀስ በቀስ እየተበላ የሚያልቅ የማግኒዥየም ዘንግ ይገኛሉ። ይህን ዘንግ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። አልቆ ካልተተካ ግን ዝገቱ ወደ ታንኩ ይዞራል፤ ታንክ ከዘገ ደግሞ መጠገኛ የለውም።

ቀዝቃዛው ውኃ ከታች ይገባል፣ ሙቁ ከላይኛው የታንኩ ክፍል ይወጣል። የ50 ሊትር ቦይለር 15 ዲግሪ የሆነውን የደጋ ውኃ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ሬዚስታንሱ 1500 ዋት ከሆነ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ መጠበቅ ነው። በሃያ ደቂቃ አልሞቀም ብሎ ባለሙያ የሚጠራ ሰው የሚከፍለው ለራሱ ትዕግሥት ማጣት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቀዝቃዛው ውኃ በሚገባበት ቧንቧ ላይ አውራ ጣት የምታህል፣ ጎኗ ላይ ትንሽ ማንሻ ያላት የነሐስ ዕቃ አለች፤ ሴፍቲ ቫልቭ ትባላለች። ገላዋ ላይ የውኃው አቅጣጫ በቀስት ተቀርጿል፣ ከሥሯም ቀጭን አፍ አላት። ቦይለሩ ሲበራ ከዚያች አፍ ውኃ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል፤ የቤቱም ሰው «ተበላሸ» ይላል። አልተበላሸም። ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ያው 50 ሊትር 60 ዲግሪ ሲደርስ 0.8 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ብርጭቆ ያህል ይጨምራል። ይህ ትርፍ መውጫ ይፈልጋል። ቫልቯ ግፊቱ ከተወሰነ ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ባር፣ ሲያልፍ ትከፍትለታለች።

ጠብታው ያስጠላው ሰው አፏን በቡሽ ወይም በቴፍሎን ሲደፍን ነው አደጋው የሚመጣው። በዚያ ላይ ቴርሞስታቱ ተበላሽቶ ኤሌክትሪኩን ማቋረጥ ቢያቅተው፣ በግፊት የታፈነው ውኃ ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ይቆያል። ታንኩ የተቀደደ ዕለት ግን የውኃው ከፊል በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎት ደግሞ ከውኃው 1600 እጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል። ግድግዳ የሚያፈርሰው ይህ ነው። አፏን ከመድፈን ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ሰክቶ ወደ ፍሳሽ መውረጃ መምራት ይሻላል። በየወሩ አንዴ ማንሻዋን ከፍ አድርጎ ውኃ እንደምታወጣ ማየት ነው፤ ውኃው ሊያቃጥል ስለሚችል እጅን ማራቅ ያስፈልጋል። ቦይለሩ ቀዝቅዞም ቀኑን ሙሉ ካንጠባጠበች ወይ ቆሻሻ ይዟታል፣ ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል፣ አለዚያም አርጅታለችና መቀየር ነው። ዋጋዋ ከታንኩ ጋር አይወዳደርም። አዲሷ ስትታሰር ቴፍሎኑ በጥርሱ ላይ የሚጠቀለለው ዕቃው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው፤ በተቃራኒው ከተጠቀለለ ሲታሰር ይፈታል፣ ውኃም ያፈሳል።

ይህች ዕቃ ሌላ ሥራም አላት። የገባው ውኃ ወደ መስመሩ እንዳይመለስ ታግዳለች። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማገጃው ከተበላሸ ወይም «ውኃ ይቀንሳል» ተብሎ ከተነሳ፣ መስመሩ በደረቀ ቁጥር ታንኩም ወደ ኋላ ሊፈስ ይችላል። ባለቤቱ ሳያውቅ ማብሪያውን ሲጫን ሬዚስታንሱ በባዶ ታንክ ውስጥ ይግልና ይቃጠላል። ስለዚህ ውኃ ሲጠፋ መጀመሪያ ቦይለሩን ማጥፋት፣ ሲመለስም የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ አየሩ ወጥቶ ውኃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ ጠብቆ ማብራት ነው። ብዙ የቦይለር ጥገና ከሙቀቱ ሳይሆን ከውኃው መጥፋት የሚመጣ ነው ባይ ነኝ።

ሮቶ ያለው ቤት ከዚህ ችግር ይገላገላል፤ ከፍታ ግን ይፈልጋል። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ግፊት ብቻ ነው። ከሻወሩ አምስት ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ ግማሽ ባር ይሰጣል ማለት ነው። ሻወሩ ቢያንቀላፋ ጥፋቱ የቦይለሩ አይደለም።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ቀልድ የለም። 1500 ዋት በ220 ቮልት ወደ 7 አምፔር ይስባል፤ ለራሱ ብሬከርና የማይግል ወፍራም ሽቦ ይገባዋል። የመሬት ሽቦ የሌለው ቦይለር ሥር እርጥብ ገላን ማቆም ከሞት ጋር መጫወት ነው። ቧንቧው እጅን «ነዘር» ካደረገ በዚያው ቅጽበት ከዋናው ማጥፋት፣ ባለሙያ ሳያየውም አለማብራት።

ቦይለር የሌላችሁም ብርዱ ሲጠና ከሰል አቀጣጥላችሁ መኝታ ቤት አታስገቡ፤ ጢሱ ጠፍቷል ብላችሁም አትመኑት። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በር ተዘግቶ የተኛን ቤተሰብ ሳያነቃ ይገድላል።