ከኢንተርሉኪኖች ጋር ትውውቅ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ አስም ላለበት ሰው የሚመች ክፍለ ከተማ አይደለም። ከጎተራ በሳሪስ አድርጎ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው መንገድ የከባድ መኪና ጭስ አያጣውም። ጀሞና ለቡ የግንባታ አቧራ አላቸው፤ የከሰል ጭስና እጣን፣ የክረምት ብርድና ጉንፋን ደግሞ የየቤቱ ነው። ይሁንና ያንኑ አየር እየሳቡ አንዱ ምንም ሳይሆን ሲያድር ሌላው ሌሊቱን ተቀምጦ ያነጋል። ለዚህ ልዩነት ዋና ተጠያቂ ከሚሆኑት መካከል ሳይቶካይን የሚባሉት ፕሮቲኖች አሉበት፤ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የሚላላኩት በእነሱ ነው። ኢንተርሉኪኖችም ከእነሱው ወገን ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአየር ቧንቧው የውስጥ ገጽ ነው። ጭስ ወይም ቫይረስ ሲጎዳው ሕዋሳቱ ቲኤስኤልፒ እና ኢንተርሉኪን-33 የተባሉ የማንቂያ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ። የነቁት የመከላከያ ሕዋሳት በተራቸው ሌሎች ሦስት ያመነጫሉ። ኢንተርሉኪን-4 አለርጂን የሚያቀጣጥለው አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል እንዲመረት ያዛል። ኢንተርሉኪን-13 አክታ ያበዛል፣ የቧንቧውን ጡንቻም ቁጡ ያደርገዋል። ኢንተርሉኪን-5 ደግሞ ኢኦሲኖፊል የተሰኙት ነጭ የደም ሕዋሳት ከአጥንት መቅኔ በብዛት እንዲወጡና ዕድሜያቸው እንዲረዝም ያደርጋል። ሳንባ የደረሱ ኢኦሲኖፊሎች የሚረጩት መርዝ ቧንቧውን ያቆስለዋል።

መርዙ በደህናው ጊዜ የሚውለው ትል ለመግደል ነው። የሚገርመው፣ ጅማ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2001 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ የሚገጥማቸው ባነሰ መጠን መሆኑን አሳይቷል። ትሉ ለራሱ ኑሮ ሲል ያደረበትን ሰው የመከላከያ መልእክቶች ሳያዳፍን አይቀርም። (ትል ማርባት የሚያምረው ካለ ደም ማነሱን ያስታውስ።)

በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ሳልቡታሞል ጡንቻውን ያላላል እንጂ ሳይቶካይኖቹን አያስታግስም፤ እፎይታውም የሰዓታት ነው። ምርታቸውን የሚቀንሰው እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ በየቀኑ የሚሳብ ስቴሮይድ ነው። እንደኔ ከሆነ «ከባድ አስም» ተብሎ የሚፈራው አብዛኛው ይህን መድኃኒት ያላገኘ ወይም አሳሳቡን ማንም ያላሳየው ሰው አስም ነው። በከፍተኛ መጠን፣ በትክክል እየሳበ የማይሻለው አስም ካለባቸው 100 ሰዎች ከ10 አይበልጥም።

ለእነዚህ የተሠሩት አዳዲስ መርፌዎች አንዱን መንገድ ለይተው ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሜፖሊዙማብ ኢንተርሉኪን-5ን ይይዛል፤ ዱፒሉማብ የ4ንና የ13ን መቀበያ ይሸፍናል፤ በ2021 የተፈቀደው ቴዜፔሉማብ ከላይ ቲኤስኤልፒን ያግዳል። ዋጋቸው ሀብታም አገርም ያስጮኻል። በኢንተርሉኪን-17 እና ኒውትሮፊል በተሰኙት ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ለሚነዳው ሌላ ዓይነት አስም ደግሞ ብዙዎቹ እምብዛም አይረዱም።

መርፌው ለማን እንደሚሆን ለመገመት ሐኪሞች የሚያዩት ተራውን የደም ቆጠራ፣ ሲቢሲ የምንለውን ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ 300 ኢኦሲኖፊልና ከዚያ በላይ ሲገኝ ኢንተርሉኪን-5ን ይጠረጥራሉ። እኛ ዘንድ ግን ያው ቁጥር የትል ምልክትም ስለሆነ የመካኒሳ ወይም የሳሪስ ሐኪም አስቀድሞ ሰገራ ቢያስመረምር ልክ ነው። በተለይ ስትሮንጂሎይድስ የተባለው ትል ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ ክኒን በሚውጥ ሰው ሰውነት ውስጥ ተባዝቶ ሊገድል ይችላል፤ በአንድ ምርመራ ብዙ ጊዜ ስለማይታይም ሰገራው ደጋግሞ መታየት አለበት።