ከአሳማ ማደለቢያ እስከ ሆስፒታል አልጋ

ኮሊስቲን ኩላሊት ስለሚጎዳ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ገሸሽ ያደረጉት መድኃኒት ነው። ሌሎቹን አንቲባዮቲኮች የተላመዱ ባክቴሪያዎች ሲበዙ ግን የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ ተመለሰ። ቻይና ውስጥ ይኸው መድኃኒት አሳማ ቶሎ እንዲደልብ ተብሎ ከመኖ ጋር ይደባለቅ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ተመራማሪዎች ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ ኤምሲአር-1 የተባለ ጂን ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ለእርድ ከቀረቡ 804 እንስሳት በ166ቱ፣ ከ523 የጥሬ ሥጋ ናሙናዎች በ78ቱ፣ ሆስፒታል ከተኙ 1322 ሕሙማን ደግሞ በ16ቱ ላይ።

ቁጥሩ ከበረት ወደ ሰው ሲመጣ እየሳሳ መሄዱ ልብ ይባል። ጂኑ የተቀመጠው ፕላዝሚድ በሚባል ቀለበት መሰል ነገር ላይ ነው፤ ባክቴሪያው ቀለበቱን ገልብጦ ለጎረቤቱ፣ ዘሩ ለተለየ ባክቴሪያም ጭምር ያቀብላል። እናም ከአሳማው አንጀት የወጣው ባክቴሪያ በፍግ ወደ ማሳ፣ በጎርፍ ወደ ወንዝ፣ በሥጋ ቢላዋ ወደ ማዕድ ቤት ሲደርስ የግድ ራሱ ሰው ማሳመም የለበትም። ቀለበቱን ማቀበሉ ይበቃል።

ጥፋቱ የሰው ነው፣ መድኃኒት ያለ ትእዛዝ የሚውጠውና ጀምሮ የሚያቋርጠው እሱ ነው የሚሉ አሉ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ካነሳን እውነታቸውን ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ክርክሩ አይጸናም፤ በዚያን ጊዜ ኮሊስቲን በቻይና ሆስፒታሎች ለሰው ሕክምና አልተፈቀደም ነበርና። የተፈቀደው በ2017 ነው። በዚያው ዓመት መንግሥት መድኃኒቱን ለማደለቢያነት ከመኖ ጋር መቀላቀል ከለከለ። የመኖ ድብልቁ ምርት በ2015 ከነበረበት 27,170 ቶን በ2018 ወደ 2,497 ቶን ወረደ፤ ጂኑን የተሸከሙ አሳማዎችም ከ45 በመቶ ወደ 19 በመቶ ቀነሱ። በጓንግዡ ከተማ በሰዎች ላይ የተገኘው ከ14.3 በመቶ ወደ 6.3 በመቶ ዝቅ አለ፤ ያውም መድኃኒቱ ለሰው መታዘዝ በጀመረበት ወቅት! ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። አርቢው ይጎዳል የሚለው ስጋት ተገቢ ቢሆንም፣ የተከለከለው ጤነኛውን እንስሳ በመድኃኒት ማደለብ እንጂ የታመመውን ማከም አይደለም። ጂኑ ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ አንዳንዱ ቀለበት የሌሎች መድኃኒቶችን ማክሸፊያም አብሮ ስለሚሸከም፣ ኮሊስቲን ቢቆምም እነዚያ እስከተሰጡ ድረስ እሱም አብሮ ይቆያል።