ስለ ትንሿ ላፕቶፕ፤ ዋጋዋና ጥቅሟ

በቅሎ ለመግዛት ገበያ የወጣ አስተዋይ ሰው አስቀድሞ ዋጋዋን አይጠይቅም። ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ያያል፤ ጀርባዋን ዳስሶ ቍስል እንዳለባትና እንደሌለባት ይመረምራል፤ ሰኮናዋን አንሥቶ ይመለከታል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ስለ ዋጋ ይነጋገራል። ላፕቶፕ የምትባለውን ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ለቤቱ የሚገዛ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ መልኳን ብቻ አይቶ፥ ዋጋዋን ብቻ ጠይቆ ገንዘቡን ይቈጥራል። ስለዚህ ትንሽና ርካሽ የሆነች ላፕቶፕ ለቤተ ሰብ የዕለት ሥራ ትበቃ እንደ ሆነ በዚህ ገጽ ልንመረምረው ወደድን። ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ የተጻፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

በ2007 ዓ.ም. አሱስ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ኢ ፒ ሲ 701 የምትባል ላፕቶፕ ለገበያ አወጣ። ስክሪኗ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 7 ኢንች፥ ክብደቷ ከ1 ኪሎ በታች፥ ማከማቻዋ 4 ጊጋባይት፥ ራም የሚባለው የሥራ ማኅደሯም 512 ሜጋባይት ብቻ ነበር። የፊደል ገበታዋ እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ ጣቱ ወፍራም የሆነውን ሰው ያስቸግር ነበር። ዳሩ ግን ደብዳቤ ለመጻፍና ኢንተርኔት ለመመልከት በቃች፤ በእጅ ቦርሳ ገብታም ወደ ሄዱበት ሁሉ ትሄድ ነበርና ብዙ ሰው ወደዳት። ሌሎችም ኩባንያዎች እርሷን የምትመስል ሠሩ። በ2010 አይፓድ ከወጣ ወዲህ የእነዚህ ትንንሽ ላፕቶፖች ገበያ ቀዘቀዘ፤ በ2011 ደግሞ በጉግል ሥርዓት የምትሠራው ክሮምቡክ ለሽያጭ ቀርባ ቦታቸውን ወረሰች። ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ ትንሿ ላፕቶፕ የተወደደችው ሁሉን ስለምትሠራ ሳይሆን ጥቂቱን ሥራ ያለ ድካም ስለምትሠራ መሆኑን ነው።

እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለልጄ ትምህርት አንዲት ርካሽ ላፕቶፕ ገዝቼ ነበር። ቀላል፥ ውብ፥ ዝም ያለች ነበረች፤ ዋጋዋንም ሰምቼ ደስ አለኝ። ማከማቻዋ 32 ጊጋባይት መሆኑን ሻጩ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ምን ማለት እንደ ሆነ አልጠየቅሁም። ልጄ በእረፍት ጊዜዋ አያቷን እየጠየቀች፥ በልጅነታቸው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ በዚያች ላፕቶፕ ጻፈች። የመኪናይቱ የራሷ ሥርዓት አብዛኛውን ማከማቻ ይዞት ነበርና አዲስ ማሻሻያ በመጣ ጊዜ የሚገባበት ስፍራ አጣ፤ ሥራውም በመካከል ቀረ። ሠራተኛው እንደ ገና ሲያስነሣት በውስጧ የነበረው ጽሑፍ ሁሉ ጠፋ። በዚያን ጊዜ እናቴ ከዚህ ዓለም ከተለዩ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበርና ሁለተኛ ለመጠየቅ አልተቻለም። የቀረልን ልጄ አስቀድማ በደብተር የጻፈችው ሦስት ገጽ ነው። ጥፋቱን በመኪናይቱ ብቻ ላሳብብ አልችልም፤ ሳልመረምር የገዛሁት፥ ሁለተኛ ግልባጭ አኑሪ ብዬም ያላዘዝሁት እኔ ነኝና።

እንግዲህ የሚገዛ ሰው እነዚህን አምስት ነገሮች ልብ ብሎ ይመልከት።

አንደኛ፥ ማከማቻዋንና የሥራ ማኅደሯን ይጠይቅ። ዊንዶውስ 11 የተባለው ሥርዓት በትንሹ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይፈልጋል። ይህ ግን ለመነሣት ያህል ነው እንጂ ለመራመድ አይደለም፤ 8 ጊጋባይት ራምና 128 ጊጋባይት ማከማቻ ያላት ብትገኝ ይሻላል። በርካሾቹ ላይ የሚገኘው ኢ ኤም ኤም ሲ የሚባለው ማከማቻ ከኤስ ኤስ ዲ ይልቅ ዝግ ያለ ነው፤ በዋናው ሰሌዳ ላይ የተበየደ ስለ ሆነም ወደ ፊት በሰፊ ልለውጠው ቢሉ አይቻልም።

ሁለተኛ፥ የቀራትን ዕድሜ ይመርምር። ዊንዶውስ 10 በኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ፥ ወደ 11 ለመሻገር የማትችለውን አሮጌ ላፕቶፕ በርካሽ አገኘሁ ብሎ መደሰት አይገባም። ጉግልም ከ2021 ወዲህ ለወጡት ክሮምቡኮች የ10 ዓመት ማሻሻያ እንደሚሰጥ በ2023 አስታውቋል። ነገር ግን 10 ዓመቱ የሚቈጠረው ዓይነቷ መጀመሪያ ከወጣበት ጊዜ ነው እንጂ እኛ ከገዛንበት ቀን አይደለም። ያገለገለች የሚገዛ ሰው ይህን አጥብቆ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፥ በአማርኛ ጽፎ ይፈትናት። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ ሦስተኛው እትም ከገባ ወዲህ ዊንዶውስም ክሮምቡክም አማርኛ ያጽፋሉ። ፊደላችን በ33 ቤት ሰባት ሰባት ሆኖ 231 ስለ ሆነ፥ አንዱን ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ ትንሽ ጭረት ወይም ትንሽ ቀለበት ነው። ስክሪኗ ደብዛዛ የሆነ እንደ ሆነ ግዕዙን ከካዕቡ ለመለየት ዐይን ይደክማል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት አንድ ገጽ ጽፎ ማንበብ ይገባል፤ በዚያውም የፊደል ገበታዋ ለጣት የሚመች መሆኑ ይታወቃል።

አራተኛ፥ ባትሪዋን ይመልከት። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ተማሪ ልጅ ትምህርቱን ሊፈጽም የሚችለው ባትሪዋ የጸና እንደ ሆነ ነው። ትንሿ ላፕቶፕ ጥቂት ኀይል የምትበላ በመሆኗ በዚህ ረገድ ከትልቋ ልትበልጥ ትችላለች፤ ያገለገለች እንደ ሆነች ግን ባትሪዋ ይደክማልና ከመብራት ነቅሎ መፈተን ያስፈልጋል።

አምስተኛ፥ ቤቱ ኢንተርኔት ያለው መሆኑን ያስብ። ክሮምቡክ አብዛኛውን ሥራዋን የምትሠራው በኢንተርኔት ነው። ያለ ኢንተርኔትም ለመጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ማሰናዳት ይገባል።

ፍርዳችንም ይህ ነው። ደብዳቤ ለመጻፍ፥ የቤት ወጪ ለመመዝገብ፥ ለልጆች ትምህርት፥ ለንባብ፥ በውጭ አገር ካለ ዘመድ ጋራ ፊት ለፊት እየተያዩ ለመነጋገር ትንሿ ላፕቶፕ ትበቃለች፤ ከዚህ የበለጠ ገንዘብ ማውጣትም አያስፈልግም። ፊልም ለሚያቀናብር፥ ትልልቅ ንድፍ ለሚነድፍ ሰው ግን አትሆንም፤ ለጋሪ የሚሆነውን ሸክም በውርንጭላ መጫን ይሆናልና። ሲነጋ እስኪመሽ የሚጽፍ ጸሐፊም ሰፊ የፊደል ገበታ ለብቻው ገዝቶ ይጨምርላት።

ከሁሉ በላይ ግን፥ ላፕቶፕ ትንሽም ትሁን ትልቅ፥ ርካሽም ትሁን ውድ፥ የጻፉባትን ሁሉ በሌላ ስፍራ ግልባጩን ማኖር የቤቱ አባትና እናት ግዴታ ነው። መኪናይቱ ብትሰበር ሌላ ትገዛለች። የሽማግሌ ቃል ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በገበያ አይገኝም።