ከሳቁ ጀርባ ያለው ዕዳ

የ60ዎቹን የግብፅ የቤተሰብ ኮሜዲ የሚናፍቁ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን ሳቁን ብቻ ለይቶ መናፈቅ አይሆንልንም። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣውን፣ ዓጢፍ ሳሊም ያዘጋጀውን «ኡሙል ዐሩሳ» (የሙሽራይቱ እናት) እንውሰድ።

አባትየው ዒማድ ሐምዲ፣ እናትየዋ ታሒያ ካሪዮካ ናቸው። ሰባት ልጆች፣ አንድ የጸሐፊ ደመወዝ! ቤቱ ከጧት ጀምሮ ጩኸትና ግፊያ ነው፤ ሳቁም የሚመጣው ከዚያው ነው። ለልጃቸው ለአሕላም ባል ሲመጣ ደስታው ወጪን ይዞ ይገባል። የሙሽራው ቤተሰብ ይጠይቃል፤ አባት እምቢ ማለት ያፍራል። በመጨረሻም በእጁ ካለው የመሥሪያ ቤቱ ካዝና ገንዘብ ያነሳል። አማና ነበር! ያዳነው የሥራ ባልደረባው ነው፤ ከራሱ ከፍሎ ተካለት።

«ደጉ ዘመን» የሚሉ ሰዎች ይህን ይዘሉታል። ለእኛ ግን የፊልሙ ልብ እዚህ ነው (ጭፈራው ቢቀነስ ባልጠላን)። ሰውየው ሌብነት አመል ሆኖበት አይደለም፤ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው። ለኒካሕ የተዘጋጃችሁ ወጣቶች ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ ብታዩት ወጪውን አንስቶ ለመነጋገር ይመቻል።

ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1974 «አል-ሐፊድ» (የልጅ ልጅ) በተሰኘው ፊልም ተመልሷል። ወላጆቹን ዐብዱል ሙንዒም መድቡሊና ከሪማ ሙኽታር ተክተዋቸዋል፤ ግርግሩ አሁን ስለሚወለደው ሕፃን ነው።